የግራው ሰላምታ

የዓብዱ አንገት ወደ ግራ አልዞርም ካለ ሁለት ዓመት አልፎታል። ወደ ቀኝ እንደ ልብ ይዞራል፤ ወደ ግራ ሲሆን ግን እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ይገታል። ይህ ተአምር አይደለም። ዓብዱ ቭላርዲንገን በምትባል የደች ከተማ፣ ከወደቡ አጠገብ ባለ መጋዘን ፎርክሊፍት የሚሉትን ዕቃ ማንሻ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ፎርክሊፍት የሚነዳ ሰው ፊቱ የተቆለለው ዕቃ መንገዱን ስለሚጋርደው ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ወደ ኋላ ነው፤ ወደ ኋላ ለመሄድ ደግሞ በቀኝ ትከሻው ላይ ዞሮ ማየት አለበት። ቀኑን ሙሉ በቀኝ፣ ዓመቱን ሙሉ በቀኝ። አንገቱም ታዘዘ፣ ታዘዘና አንድ ቀን በዚያው ቀረ።

ሚስቱ ጀውሃራ በዚህ ትቀልድበታለች። ዘሄግ ከተማ፣ ሙርዋይክ ሰፈር ባለችው ጠባብ ቤታቸው በግራው በኩል ሆና ስትጠራው ከነወገቡ ከነእግሩ ስለሚዞር፣ «እኔ ያገባሁት ሰው መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጅብ ኖሯል» ትለዋለች። ጅብ አንገቱ ስለማይታዘዝለት መላ አካላቱን ነው የሚያዞረው ይባላል። ዓብዱ ይስቃል። እሷም እያሾፈች ቪክስ ትቀባዋለች፣ ሻርፕ ትጠቀልልለታለች። ለሐኪሙ ሲነግረው ሐኪሙ ፓራሲታሞል አዘዘለት። እዚህ አገር እግር ቢቆረጥም መጀመሪያ የሚታዘዘው ፓራሲታሞል ስለሆነ ዓብዱ አልተገረመም።

እውነቱን ለመናገር ግን ዓብዱን እንቅልፍ የነሣው አንገቱ አልነበረም። በግራው በኩል ባዶ የቀረው ቦታ ነበር። ያ ቦታ የሀሪስ ነው።

ሀሪስና ዓብዱ የተገናኙት ሁለቱም ወጣት ሳሉ፣ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ነው። አንዱ ከደሴ፣ አንዱ ከሐይቅ። በአገር ቤት የአንድ መንገድ ሰዎች ሆነው ሳይተያዩ ኖረው፣ ባሕር ተሻግረው አንድ ተደራራቢ አልጋ ደረሳቸው፤ ሀሪስ ከላይ፣ ዓብዱ ከታች። በመጀመሪያው የብርድ ወራት ዓብዱ ጠዋት ሲነሣ አንገቱ ተይዞ አገኘው። ሀሪስ ከላይ ቁልቁል አየውና ምንም ሳይናገር ወርዶ ወደ ካምፑ ማብሰያ ቤት ሄደ። ጨው መጥበሻ ላይ አመሰ፣ በሱፍ ካልሲ ውስጥ ጨመረና አፉን ቋጥሮ ይዞ መጣ። ትኩሱን ካልሲ ማጅራቱ ላይ አስቀምጦ ጠበቀ። ከዚያ በአውራ ጣቱ ማሸት ጀመረ። የሀሪስ እናት በሐይቅ ዙሪያ ስማቸው የታወቀ ወጌሻ ነበሩ፤ የወለቀ ይመልሳሉ፣ የደረቀ ያፍታታሉ። ልጃቸው ከእሳቸው የወረሰው መሬት ወይም ከብት ሳይሆን አውራ ጣት ነው።

ካምፑ አለፈ፣ ወረቀቱ መጣ፣ ሥራውም ተገኘ። ሁለቱም ሙርዋይክ ገቡ፣ ሁለቱም አንድ መጋዘን ተቀጠሩ። ዓብዱ ሚስት አገባ፣ ራኒያን ወለደ። ሀሪስ ግን «ዘንድሮ» እያለ ዓመቱን ገፍቶ ገፍቶ ብቻውን ቀረ። ቢሆንም ብቸኛ ነው የሚለው አልነበረም። አርብ አርብ የአገራቸው ልጆች በተከራዩት አዳራሽ ጁምዓ ይሰግዱና ከዚያ ሀሪስ ዓብዱ ቤት ሄዶ ምሳ ይበላል። ራኒያ አባቷን «አንተ» ስትል ይቆጣታል፤ «አባትሽን አንቱ በይ!» ይላታል፤ እሷም «እሺ፣ አንቱ ሀሪስ!» ብላ ታስቀዋለች።

በሰልፉ ውስጥ ዓብዱ በቀኝ፣ ሀሪስ በግራ ነው የሚቆሙት። ማንም አልወሰነውም። የመጀመሪያው ቀን እንደዚያ ቆሙ፣ በዚያው ጸና። ሶላቱ ሲያበቃ በቀኝና በግራ ሰላምታ ይሰጣል፤ ከዚያ ሰው ለግራ ቀኝ ጎረቤቱ እጁን ዘርግቶ «አላህ ይቀበለን» ይባባላል። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከሁሉ ቀድማ የምትዘረጋው እጅ የሀሪስ ነበረች።

አንድ ታኅሣሥ ላይ የሀሪስ እናት አገር ቤት ሞቱ። መጋዘኑ ውስጥ በዓመት አንዴ የሚመጣው የሥራ ግርግር የነበረበት ሰሞን ነው። ዓብዱ ፈቃድ ቢጠይቅ አለቃው «የሞተችው ያንተ እናት ናት?» አለው። አይደለችም። ለቅሶ የደረሰው በመጨረሻው ምሽት ነው፤ ሰው እየተበተነ ሳለ። ሀሪስ አጠገብ ተቀመጠ፣ ዱዓ አደረገ፣ ሌላ ምንም ሳይናገር ወጣ። በሚቀጥለው ጁምዓ ሀሪስ እንደ ወትሮው በግራው ቆሞ ሰገደ፤ ምሳ ግን አልመጣም። ከዚያ በኋላም አልመጣም፤ ከአዳራሹም ጠፋ፣ መጋዘኑ ውስጥም ወደ ሌሊት ፈረቃ ተዛወረ። ዓብዱ ሲደውልለት «ደህና ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ይላል፤ እንደ ዘመድ ሳይሆን እንደ ፖስታ ቤት ሠራተኛ። ትንሽ ቆይቶ አምስተርዳም ኤርፖርት ሥራ አግኝቶ እዚያው ኒው ዌስት የሚባል ሰፈር መግባቱን ዓብዱ ከሰው አፍ ሰማ።

«ለለቅሶው በመዘግየቴ ነው» አለ ዓብዱ። በዚያው ደመደመ። አንድ ጊዜ ደውሎ ቁርጡን መጠየቅ ይችል ነበር፤ ኩሩ ነውና አልጠየቀም። በልቡም «የስንት ዓመት ወንድሜ አንድ ቀን በዘገየሁ?» እያለ ቅሬታውን እንደ ድመት ልጅ ታቅፎ አሳደገው። ናፍቆቱ ግን ከቅሬታው እየበለጠ መጣ። አርብ ጀውሃራ ሳህን ስታቀርብ አንድ ሳህን ትርፍ እንዳወጣች ታይና መልሳ ትከትተዋለች። ዓብዱ ያያል፤ እንዳላየ ይሆናል።

እንዲህ እያለ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 2015 ደረሰ። ጸደይ ላይ ራኒያ ከሮተርዳም፣ ከነርስነት ትምህርቷ ስትመለስ አባቷ ውሃ ለመጠጣት ከነትከሻው ሲያጋድል አየችው።

«ፓፓ፣ ለቅዳሜ አፍስፕራክ፣ ቀጠሮ ይዤልሃለሁ» አለችው ስልኳን እየነካካች። «ማሳጅ ነው፣ የቻይና። ዋገንስትራት ላይ። እንዳትቀር!»

«ቻይና ስለ እኔ አንገት ምን ያውቃል?»

«አንገት አንገት ነው! አንተ ሁልጊዜ ነገ ትላለህ። ኸዎን፣ ዝም ብለህ ሂድ በቃ!»

ሄደ። ዋገንስትራት የዘሄግ ቻይናዎች ሰፈር ነው፤ ቀይ ፋኖስ ተሰቅሎ፣ ዳክዬ በመስኮት ተንጠልጥሎ። ማሳጅ ቤቱ መስታወት ላይ ትልቅ የእግር መዳፍ ተሥሏል፤ በመዳፉ ላይ ልብ፣ ጉበት፣ ኩላሊት ሁሉ ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። ዓብዱ ገባ። አንዲት ልጅ ፈገግ ብላ ፎጣ ይዛ ወጣችና ተከተለኝ አለችው። እሱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ባለበት ቆመ።

«ይቅርታ፣ ወንድ ካለ» አላት በደችኛ።

ልጅቷ አልተቀየመችም። ወደ ጓዳ ጮኸች። ሸበጥ ያደረገ ጠና ያለ ሰው ሱፍ እየፈለፈለ ወጣ። ሚስተር ሼን ይባላል። ደችኛው ከዓብዱ ደችኛ የባሰ ስለነበረ ዓብዱን ወዲያው ደስ አለው።

«ሶማሊያ?» አለ ሚስተር ሼን።

«ኢትዮጵያ።»

«አዎ፣ ሶማሊያ» ብሎ ሚስተር ሼን አልጋውን አሳየው።

የማሳጅ አልጋ የፊት መክተቻ ቀዳዳ አለው። ዓብዱ በሆዱ ተኝቶ ፊቱን ቀዳዳው ውስጥ ሲከት ወለሉና የሚስተር ሼን ሸበጥ ብቻ ታየው። ሰውየው ማጅራቱን በመዳፉ ሥር ጠቅልሎ ያዘ፣ በአውራ ጣቱ ከጆሮው ሥር ወደ ትከሻው ወረደ፣ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመና «ኦሆ» አለ። ከዚያ ክርኑን አመጣ። የዓብዱ ነፍስ በቀዳዳው ወጥታ ወለሉን ነክታ የተመለሰች መሰለው። ሚስተር ሼን ግን እያንጎራጎረ ነው። ቀጥሎ ከእንፋሎት ዕቃ ውስጥ አንድ የጨርቅ ከረጢት አውጥቶ በፎጣ ጠቅልሎ ማጅራቱ ላይ አስቀመጠለት።

ዓብዱ አወቀው። ጨው ነው። ሻካራ፣ ትኩስ ጨው፣ ከቅጠል ጋር፤ ቅጠሉ ደግሞ እንደ አገር ቤቱ የመድኃኒት ቅጠል፣ እንደ ጭቁኝ ይሸታል። ሙቀቱ ቆዳውን አልፎ ወደ ሥጋው፣ ከሥጋው ወደ አጥንቱ ሲገባ፣ የካምፑ አልጋ፣ የሱፉ ካልሲ፣ ከላይ ቁልቁል የሚያየው የሀሪስ ፊት መጡበት። ጨው ማሞቅ የሀሪስ ሥራ ስለነበረ እሱ ከሄደ ወዲህ በዓብዱ ቤት ጨው ለወጥ ብቻ ነበር የሚሆነው። ናፈቀው። እንዲህ ያለ ናፍቆት ለእናት ነው የሚባለው፤ እሱ ግን ጎልማሳ ወንድሙ ናፈቀውና እንባው በቀዳዳው አልፎ ሚስተር ሼን ሸበጥ ላይ ጠብ አለ።

ሸበጡ ባለበት ቆመ። «ያማል?» አለ ድምፁ።

«ትንሽ።»

«ጥሩ ነው!» አለና ክርኑን መለሰው።

ቅዳሜ ቅዳሜ መሄድ ለመደ። አንገቱ ትንሽ ላላ፤ ወደ ግራ ግን ገና እንደ እልኸኛ በቅሎ ይገትራል። አንድ ቅዳሜ ከታሸ በኋላ ሚስተር ሼን ወንበር ላይ አስቀምጦ አንድ ቀይ መብራት ማጅራቱ ላይ አበራለት። መብራቱ ይሞቃል፣ በጓዳው ቴሌቪዥን ሰይፍ የታጠቁ ቻይናዎች ይጯጯሃሉ። ዓብዱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ፈዞ ተቀምጦ ነበር። ድንገት ሚስተር ሼን በፊቱ መጣ፤ በሁለት እጁ የሻይ ሲኒ ይዟል፣ ፊቱ ጠቁሯል።

«ሻይ አትጠጣም?»

«እጠጣለሁ። ለምን?»

«እዚያ ቆሜ ነበር» አለ ሚስተር ሼን፣ በአገጩ ወደ ዓብዱ ግራ እያሳየ። «በሁለት እጄ ይዤ። ረጅም ጊዜ። ሻይ ቀዘቀዘ። አንተ ዝም። እኔ ምን አልኩ? ይህ ሰው ትዕቢት አለው፣ ከእኔ እጅ መቀበል አይፈልግም አልኩ። ሲኒውን ይዤ ልሄድ ነበር።»

«አላየሁህም» አለ ዓብዱ።

ሚስተር ሼን አየው፣ ወደ አንገቱ አየ፣ ከዚያ በራሱ ላይ ሳቀ። «የማክመውን አንገት ረሳሁ!» አለና ሲኒውን እጁ ላይ አስቀመጠለት።

ዓብዱ ግን አልሳቀም። ሻዩን እንደያዘ ቀረ። ያ ጁምዓ ፊቱ ላይ መጥቶ ቆመበት።

አንገቱ የደረቀው ለቅሶ የሄደ ዕለት ጠዋት ነው። ቀናቱን ሁሉ ያለ ዕረፍት ፎርክሊፍት ላይ ሆኖ፣ ያን ቀን ሲነሣ ጨርሶ አልዞር አለው። ሀሪስ አጠገብ ሲቀመጥ ሕመሙ ጥርሱን ያፋጨዋል፤ ቢሆንም ትንፍሽ አላለም። እንዴት ይላል? እናቱን ላጣ ሰው፣ ያውም እኒያን እናት ላጣ ሰው፣ «አንገቴን አመመኝ» ይባላል? ቢነግረው ሀሪስ ከለቅሶው ምንጣፍ ተነሥቶ ጨው እንደሚያሞቅ ያውቃል። ይሉኝታ ያዘውና ዝም አለ። በቀጣዩ ጁምዓ ሰላምታው ወደ ግራ ሲደርስ በአፉ ብቻ አለው፤ አንገቱ ንቅንቅ አላለም። ሕመሙ ዓይኑ ድረስ ወጥቶ ስለነበረ ሰው ፊቱን ሲያጨማድድ እንዳያየው ቶሎ ብሎ በቀኝ በኩል ተነሣ፣ ጫማውን ይዞ ወጣ። ወደ ግራ አላየም። እጅም አልሰጠም።

ሀሪስ እጁን ሳይዘረጋ የቀረበት ጁምዓ ደግሞ የለም። እንግዲያው ያን ቀንም ዘርግቷል። ከእናቱ ለቅሶ በወጣ ሰሞን፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ እጁ ዓየር ላይ ቀርታለች። ሚስተር ሼን ለአንድ ሲኒ ሻይ እንዲያ ፊቱ ከጠቆረ፣ ሀሪስ ምን ሆኖ ይሆን? ዓብዱ ሻዩን ሳይቀምሰው መሬት ላይ አስቀመጠው።

ቤቱ ገብቶ ለጀውሃራ ነገራት። እሷም አፏን በእጇ ይዛ ሰማችው፤ ከዚያ ቁጣዋ መጣ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም? ለእኔ ስታቃስት ታድራለህ፣ ለሚያድንህ ሰው ትደብቃለህ! በል አሁኑኑ ደውልለት።»

ስልኩን አነሣ። የሀሪስን ስም ፈልጎ አገኘ። ከዚያ መልሶ አስቀመጠው። «በስልክ አንገት አይታይም» አለ። «አንገቴ አልዞር ብሎኝ ነው ብዬ በስልክ ብነግረው ምን ይላል? ሰበብ ነው የሚለኝ። እኔም ብሆን እላለሁ። ሄጄ በቀኙ ቆሜ፣ ዞሬ ሳየው ነው የሚያምነኝ።»

«ካልዞረልህስ?»

«ይዞራል።»

ረመዳን እየቀረበ ነበር። ከጾሙ በፊት የተቀያየመ ሰው ተፈላልጎ አውፍ ይባባላል፤ ያዘነብህን ሰው ይቅርታ ሳትጠይቅ ጾም መግባት በእነሱ ዘንድ ነውር ነው። ዓብዱ ከረመዳን በፊት ያለችውን የመጨረሻዋን አርብ ቆረጠላት። ለሚስተር ሼንም ነገረው።

«ወደ ግራ መዞር አለብኝ» አለው። «ከሌላው ሁሉ በፊት ወደ ግራ።»

«ለሥራ?»

«ለጓደኛ።»

ሚስተር ሼን የያዘውን ሱፍ አስቀመጠ። ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበ። ከዚያ ወዲህ ሱፉንም ቴሌቪዥኑንም እየተወ ነበር የሚያሸው፤ ትኩሱን ከረጢት ሲያነሣ ሌላ ያስቀምጣል፣ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ቀስ እያለ ወደ ግራ ይስበዋል፣ ሲገትር ያቆማል፣ ዓብዱ እስኪተነፍስ ይጠብቃል፣ ደግሞ ይስባል። ቤትም ጨው እንዲያሞቅ አዘዘው። ጀውሃራ ጨውን መጥበሻ ላይ እያመሰች ባሏን ትራገማለች፣ ካልሲውንም ትራገማለች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ማጅራቱ ላይ ታኖርለታለች።

ዓብዱ የአንገቱን ልክ የሚያውቀው በሶላቱ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ሰግዶ ወደ ግራ ሰላምታ ሲሰጥ መጀመሪያ የሚያየው የስጋጃውን ጠርዝ ነበር። እያደር የሶፋው እግር ታየው። ከዚያ ሶፋው ራሱ። ሐሙስ ማታ፣ ከዚያች አርብ በፊት፣ ሲዞር መስኮቱን አየ፤ በመስኮቱም ትራም የሚጠብቁ ሰዎችን። ተነሥቶ ለጀውሃራ ሊነግራት ሮጠ፤ ሲደርስም «ትራም አየሁ» አላት። እሷም ገባት።

አርብ ባቡር ተሳፈረ። ንጹሕ ጀለቢያ ለብሶ ከላዩ ጃኬት ደርቧል።  ላይደን ጣቢያ ሲደርስ ወርዶ ለመመለስ አስቦ ነበር። «ፊቱን ቢያዞርብኝስ? በሰው ፊት ቢያዋርደኝስ?» አለ። ደግሞ፣ «እኔ አዋርጄዋለሁ እኮ» አለ። ባቡሩ ሄደ፣ እሱም አብሮት ሄደ። አምስተርዳም፣ ሌሊላን ጣቢያ ወርዶ በፎቆቹ መካከል ጠያይቆ መስጊዱን አገኘው። ሀሪስ ጁምዓ እዚያ እንደሚሰግድ ከአገር ልጅ ሰምቷል።

ኹጥባው፣ የኢማሙ ስብከት፣ ሊያበቃ ሲል ገባ። ሀሪስን ከኋላው ነው ያወቀው፤ በዚያ በድሮው ግራጫ ጃኬቱ፣ ቀኝ ትከሻው ትንሽ ዘንበል ባለበት። ከስቷል። ሰው ለሶላት ሲነሣ ሰልፉ ተሳሳበ፤ በሀሪስ ቀኝ ያለችውን ክፍተት አንድ ግዙፍ ሞሮኳዊ ሊሞላት እግሩን አነሣ። ዓብዱ ክንዱን ያዘው።

«ወንድሜ፣ በአላህ» አለው በደችኛ። «ይህ የእኔ ቦታ ነው።»

ሰውየው ፊቱን አይቶ ቦታውን ለቀቀለት።

ዓብዱ ገባ። ሀሪስ ጎኑን አየና ደረቀ። ዓይኖቹ ተርገበገቡ፤ ከዚያ ወደ መሬት ተመለሱ። ምንም ማድረግ አይችልም፤ ኢማሙ «አላሁ አክበር» ብሏል። በሰልፍ ትከሻ ለትከሻ መነካት ግድ ነው። የሀሪስ ትከሻ የዓብዱን ነካ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዓብዱ የሚያውቀው ትከሻ ነው፤ ሙቀቱም ያው ነው፣ አጥንቱም ያው ነው። ሶላቱን እንዴት እንደሰገደ አላህ ብቻ ያውቃል።

ሰላምታው ደረሰ። ወደ ቀኝ። ዓብዱ ዞረ፤ ከኋላው የሀሪስ ፊት ወደ ማጅራቱ እንደዞረ ያውቃል። ከዚያ ወደ ግራ። አንገቱ እንደ ልማዱ ገተረ። ዓብዱ ተነፈሰ፣ እንደተለማመደው ቀስ ብሎ ሳበው፣ ቆመ፣ ደግሞ ሳበው። አንድ ነገር ቀጭ አለ፣ ሕመም ወደ ጆሮው ወጣ፣ አንገቱም ዞረ። በዚያች ቅጽበት ሰው ሁሉ ወደ ግራ ስለሚያይ ያየው የሀሪስን ፊት አይደለም፤ ማጅራቱን ነው። ጸጉሩ ከማጅራቱ በኩል ሸብቷል። ያን ሽበት ሲወጣ እሱ አላየውም፤ ያልነበረበት ሁለት ዓመት እዚያ ተጽፎ አገኘው። ዓይኑ በእንባ ሞላ።

ሀሪስ ፊቱን መለሰና ስጋጃውን አየ። ዓብዱ እጁን ወደ ግራ ዘረጋ። ሀሪስ አልያዘውም። እጁ በመካከላቸው ቀረ። ሰው መነሣት ጀመረ፣ ያ ሞሮኳዊ እያየ አለፈ። ዓብዱ ግን ክንዱን አላወረደም።

«ሀሪስ» አለ። «ያን ጁምዓ እጅህን ዘርግተህልኝ ነበር?»

 «ዘርግቼ ነበር» አለ ሀሪስ፣ ዓይኑን ከስጋጃው ሳያነሣ። «እናቴን ባጣሁ ሰሞን። በሰው ሁሉ ፊት። ጥለኸኝ ወጣህ።»

«አላየሁትም።»

«እንዴት አታየውም? አጠገብህ ነበርኩ እኮ!»

«አንገቴ ደርቆ ነበር። ወደ ግራ አይዞርም። ወላሂ አላየሁትም። እስካሁንም ሲታከም ነው የቆየው፤ ዞሬ ላይህ ነው የመጣሁት። አውፍ በለኝ።»

ሀሪስ ቀና አለ። መጀመሪያ የዓብዱን ፊት አየ፣ ከዚያ አንገቱን፤ እንደ ወጌሻ ልጅ አየው።

«መቼ ነው የደረቀው?»

«ለቅሶ የመጣሁ ቀን ጠዋት።»

«ለቅሶ የመጣህ ቀን?» ድምፁ ከፍ አለና ሰው ዞሮ አያቸው። «አጠገቤ ተቀምጠህ? ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ ትነሣ ነበራ። ከእናትህ ለቅሶ ተነሥተህ ጨው ታሞቅ ነበር።»

  «እነሣ ነበር» አለ ሀሪስ። «እሷም ብትሆን ትነሣ ነበር፣ ዓብዱ። በራሷ ለቅሶ ላይ ብትሆን እንኳ ተነሥታ ታሽህ ነበር።»

ከዚያ እጁን ዘረጋ። የዓብዱን እጅ ግን አልፎት ሄደና ማጅራቱን ያዘ። አውራ ጣቱ ከጆሮው ሥር ተነሥታ ወደ ታች ወረደች፤ ቦታውን ማንም አላሳያትም። ዓብዱ ራሱን ዝቅ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ።

«ማን ነው ያሸህ?» አለ ሀሪስ።

«አንድ ቻይና።»

«ቻይና!» አለ ሀሪስ። በድምፁ ውስጥ ቅናት ነበረበት፣ ያም ዓብዱን ደስ አለው። «እጁ ክፉ አይደለም። ግን አልጨረሰውም።»

«አልጨረሰውም። ትንሽ ቀርቷል።»

መስጊዱ ባዶ ሆኗል። ሁለቱ ብቻ ስጋጃው ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ጎንበስ ብሎ፣ አንዱ እጁን በሌላው ማጅራት ላይ አድርጎ።

«የቱ ጋ ነው የቀረው?» አለ ሀሪስ።

«ትንሽ ወደ ግራ» አለ ዓብዱ።